መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ምን ዓይነት ፓወር ባንክ ይገዛል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ የሚሠሩት ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ሲሆን፣ ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው የሚመለሱት ከመሸ ነው። የስልካቸው ባትሪ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል። በሰፈራቸው መብራት ደጋግሞ ይጠፋል። ከዓመት በፊት የገዙት ባለ 20,000 ፓወር ባንክ «አራት ጊዜ ይሞላል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተኩል ብቻ ስለሚሞላ» እንደተታለሉ ያምናሉ፤ ሌሊቱን ተሰክቶ አድሮም ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ያገኙታል። አሁን አንድ ሱቅ ከጀርባው የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ባለ 50,000 ፓወር ባንክ፣ ባለ 10,000 ከሚሸጥበት ባነሰ ዋጋ አቅርቦላቸዋል። «ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን? ትንሹስ ስለምን ተወደደ? ቤት ያለውን ዋይፋይስ መብራት ሲጠፋ ሊያሠራልኝ ይችላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ ሁለት ነገር መታረም አለበት። በእጅዎ ያለው ባለ 20,000 ፓወር ባንክ አላታለለዎትም፤ የሚሰጥዎት መስጠት የሚገባውን ያህል ነው። የሚያታልልዎት አሁን በቅናሽ የቀረበልዎት ባለ 50,000 ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ የሚመስለው በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ምን እንደሚለካ ሻጩም ስለማያስረዳ፣ ገዢውም ስለማይጠይቅ ነው።

ያ ቁጥር የሚቆጠረው በውስጡ ባሉት የሊቲየም ሴሎች ቮልቴጅ ሲሆን፣ እሱም በአብዛኛው 3.7 ቮልት ነው። በገመዱ በኩል ወደ ስልክዎ የሚወጣው ግን ቢያንስ 5 ቮልት ነው። ከ3.7 ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ቮልቱን ሲጨምር የሚሊአምፒሩ ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከዚህ በተጨማሪ ከኃይሉ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ 20,000 በ3.7 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል መለኪያ) ይሆናል፤ ይህንኑ በ5 ቮልት ብናሰላው 14,800 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይመጣል፤ ብክነቱ ሲቀነስ ደግሞ 12,500 ገደማ ይቀራል። ፓወር ባንክዎን ገልብጠው የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ያንብቡት። አምራቹ ሐቀኛ ከሆነ ከትልቁ ቁጥር ሥር በ5 ቮልት ምን ያህል እንደሚሰጥ ለብቻው ጽፎታል፤ ለባለ 20,000 ይህ ቁጥር በአብዛኛው ከ12,000 እስከ 13,000 ነው።

የስልክዎ ባትሪ በበኩሉ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ስልኩ ሲሞላ ራሱም ስለሚሞቅ፣ እስኪሞላ ድረስ ከገመዱ የሚስበው 22 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ከ74ቱ ብክነቱ ተቀንሶ ከፓወር ባንኩ የሚወጣው 62 ዋት-ሰዓት ገደማ ለ22 ሲካፈል ከሁለት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ዓመት አገልግሎ አሁንም ሁለት ጊዜ ተኩል የሚሞላ ከሆነ ጤናማ ነው ማለት ነው፤ ሊጥሉት አይገባም። ከእንግዲህ ማንኛውንም ፓወር ባንክ ሲያዩ ከተጻፈው ቁጥር 60 በመቶውን ብቻ ለስልክዎ እንደሚደርስ አድርገው ቢያስቡ ከእውነቱ ብዙም አይርቁም።

ሌሊቱን አድሮ አለመሙላቱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ለእርስዎ ሰፈር ኗሪ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይም ይኸው ነው። ፓወር ባንክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደሚይዝ ይጠይቃል፤ በምን ፍጥነት እንደሚሞላ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ትልቅ ሮቶ የሰቀለ ሰው ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ሮቶው ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ እንደሚኖር፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤትም ቀስ ብሎ የሚሞላ ትልቅ ፓወር ባንክ እንደዚያው ነው። ቦሌ መሐል የሚኖር ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰክቶ ሊተወው ይችል ይሆናል፤ እርስዎ ሊተማመኑበት የሚችሉት ግን መብራት ያለባቸውን ሁለትና ሦስት ሰዓታት ብቻ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ፓወር ባንኩን የሚሰኩበትን ቻርጀር አንሥተው ከሶኬቱ ጥርሶች አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ «አውትፑት» ከሚለው ቀጥሎ ቮልትና አምፒር ተጽፏል፤ ሁለቱን ሲያባዙ ዋቱን ያገኛሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚውለው ከድሮ ስልክ የተረፈ፣ 5 ቮልትና 1 አምፒር የሚል፣ ማለትም 5 ዋት ብቻ የሚሰጥ ቻርጀር ነው። 74 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ በ5 ዋት ቻርጀር እስኪሞላ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በ10 ዋት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤ ፓወር ባንኩ ራሱ የሚቀበል ከሆነ በ18 ዋት አምስት ሰዓት ተኩል ያህል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሰክተው፣ መብራት ከ4 እስከ 8 ሰዓት ጠፍቶ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነቅለው ቢወጡ፣ ኃይል ያገኘው ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። በ5 ዋት ቻርጀር ከሆነ ሩብ ያህሉ እንኳ አልሞላም። ባለ 10,000 የሆነ፣ 18 ዋት የሚቀበል ፓወር ባንክ ግን በዚሁ አራት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ይተርፈዋል። «ትንሹስ ስለምን ተወደደ?» ላሉት የመልሱ ግማሽ ይህ ነው፤ የሚከፍሉት ለሚይዘው መጠን ብቻ ሳይሆን በፍጥነት ተቀብሎ በፍጥነት ለሚሰጠው ሰርኪዩትና ለመከላከያው ጭምር ነው።

የቀረው ግማሽ መልስ ባለ 50,000 የሚባለው ራሱ ነው። እውነተኛ 50,000 ማለት 185 ዋት-ሰዓት ነው። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገኘው 18650 የሚባለው ድቡልቡል ሴል ምርጥ ከሚባለው ዓይነት እንኳ ሲሆን ወደ 3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ ሴል 48 ግራም ገደማ ይመዝናል። 50,000 ለመሙላት 15 ሴል ያስፈልጋል፤ ሴሎቹ ብቻቸውን ከ700 ግራም ይበልጣሉ፤ ሽፋኑና ሰርኪዩቱ ሲታከሉበት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሻጩ ያሳየዎት በአንድ እጅ የሚያዝና ኪስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የተጻፈው ቁጥር ሊሆን የማይችል ነው። ሱቁ አጠገብ ያለው አትክልት ሻጭ ሚዛን ለዚህ ይበቃል፦ እውነተኛ ባለ 10,000 በአብዛኛው 200 ግራም አካባቢ፣ ባለ 20,000 ከ350 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ከዚህ በጣም ካነሰ ቁጥሩ ሐሰት ነው። ክብደቱ ትክክል መሆኑ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ገዢን ለማሳሳት አሸዋ ወይም ብረት የተጨመረባቸው ፓወር ባንኮች ተከፍተው ታይተዋልና።

የፀሐይ ሰሌዳውንም እንደ ጥቅም አይቁጠሩት። የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ በጠራራ ፀሐይ ቀጥ ብላ ብትቀመጥ እንኳ የምትሰጠው ከ1 እስከ 1.5 ዋት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በ1 ዋት የርስዎን 74 ዋት-ሰዓት ለመሙላት ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰማይ ሥር ደግሞ ነገሩን መሞከርም አያስፈልግም። ጉዳቱ ከጥቅሙ ይብሳል፤ የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ መሞላት የለበትም፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥቁር ፓወር ባንክ ግን ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል።

ዋጋው የወረደበት ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ርካሽ የሚሆነው ሴሎቹ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪዎች የተፈቱና አንዱ ከሌላው ጋር ያልተመጣጠኑ ሲሆኑ፣ ወይም ከመጠን በላይ መሞላትን፣ ከመጠን በላይ መራገፍንና ሾርትን የሚያቋርጠው መከላከያ ሲቀነስ ነው። ይህ መከላከያ ከውጭ አይታይም፤ መጉደሉ የሚታወቀው አደጋ የደረሰ ዕለት ነው። ታዋቂ ስም ይህን ስጋት ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፦ አንከር የተባለው የታወቀ አምራች በጁን 2025 በአሜሪካ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ኤ1263 የተባለ ሞዴል ያላቸውን ባለ 10,000 ፓወር ባንኮች በእሳት ስጋት ምክንያት መልሶ ሰብስቧል። ከውጭ ዘመድ የላከልዎት ወይም ያገለገለ የገዙት ፓወር ባንክ ካለ፣ ከሥሩ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አንብበው ከአምራቹ ድረ ገጽ ጋር ያመሳክሩት።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ለሚውል፣ አንድ ስልክ ለያዘ ሰው ባለ 10,000 ይበቃል፤ ስልክዎን አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲሶ ያህል ይተርፈዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከዚያም በተጨናነቀ አውቶቡስ ቆሞ የሚሄድ ሰው ከግማሽ ኪሎ የተጠጋ ዕቃ በቦርሳው የሚሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ማየት ያለብዎት የታይፕ ሲ መሰኪያው ለመስጠትም ለመቀበልም የሚያገለግልና ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን የፈጣን ቻርጅ ስምምነት በ18 ወይም በ20 ዋት የሚደግፍ መሆኑን ነው። «ኢንፑት» በሚለው መስመር 9 ቮልትና 2 አምፒር ተጽፎ ካገኙ 18 ዋት ይቀበላል ማለት ነው። 5 ቮልትና 2 አምፒር ብቻ የሚል ከሆነ፣ ማሸጊያው ላይ «ፈጣን» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም ፈጥኖ የሚሰጥ እንጂ ፈጥኖ የሚሞላ አይደለም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ የተስፋፋ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙዎች 22.5 ዋት የሚል ፓወር ባንክ ገዝተው ስልካቸው በዚያ ፍጥነት እንዲሞላ ይጠብቃሉ። ፈጣን ቻርጅ የሚሠራው ፓወር ባንኩ፣ ገመዱና ስልኩ አንድ ዓይነት ስምምነት ሲደግፉ ብቻ ነው፤ ካልተስማሙ ስልኩ በራሱ ወደ 10 ዋት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። 22.5 ዋት የሚለው ቁጥር በአብዛኛው የሁዋዌን ስምምነት የሚመለከት ሲሆን፣ ሌሎች ስልኮች ከዚያው ፓወር ባንክ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት እስከ 18 ዋት ነው። በ25 ዋት የሚሞሉ ሳምሰንግ ስልኮች ይህን ሙሉ ፍጥነት የሚያገኙት ፒፒኤስ የሚባለው የፓወር ዴሊቨሪ ዓይነት ሲኖር ብቻ ነው። ሌሎችም አምራቾች ከስልኩ ጋር በሚመጣው ቻርጀር ብቻ የሚሠራ የራሳቸው ስምምነት አላቸው። ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ሲሰኩ ደግሞ አብዛኞቹ ፓወር ባንኮች ፈጣኑን ትተው ወደ 5 ቮልት ይመለሳሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ቀጭን፣ ረዥምና ርካሽ ገመድ ቮልቱ በመንገድ ላይ እንዲወርድ ስለሚያደርግ ከፓወር ባንኩ ጋር 3 አምፒር የሚችል፣ ከአንድ ሜትር ያልረዘመ ገመድ አብረው ይግዙ።

ከሱቁ ሳይወጡ ማሸጊያውን አስከፍተው ስልክዎን ይሰኩበት፤ የስልኩ መስታወት ላይ ፈጣን ቻርጅ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ካልወጣ ሌላ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ካልሠራ የሚመለስበት የጊዜ ገደብ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ያድርጉ። ቤት ሲገቡ ሙሉ በሙሉ ሞልተው፣ ስልክዎን ከ20 በመቶ እስከ 80 በመቶ እየሞሉና የሰጠውን በመቶ እየደመሩ እስኪያልቅ ይሞክሩት። ከእውነተኛ ባለ 10,000፣ ለእርስዎ ስልክ ድምሩ ከ130 እስከ 150 በመቶ መሆን አለበት። ከ100 በታች ከሆነ በገደቡ ውስጥ ይመልሱት። በመስታወቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ፓወር ባንክ ከሆነ ያንን ቁጥር አይመኑት፤ የሚታመነው ስልክዎ የተቀበለው ነው።

ይህ ምክር ለሁሉም ሰው አይሆንም። ላፕቶፕ ይዞ የሚሠራ ሰው 20,000 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና 45 ወይም 65 ዋት የሚሰጥ ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ክብደቱም ሌላ ነው። አውሮፕላን የሚሳፈር ደግሞ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚይዘው ከ100 ዋት-ሰዓት ሊበልጥ አይገባም፤ ይህም ወደ 27,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። ከ160 ዋት-ሰዓት የሚበልጥ ግን ጨርሶ አይፈቀድም። ፓወር ባንክ ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም።

አያያዙን በተመለከተ በጥብቅ የማሳስበው ጥቂት ነገር አለ። ፓወር ባንክ ሲሞላ አልጋ፣ ሶፋ ወይም ትራስ ላይ አይቀመጥ፤ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃ ርቆ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ፤ ኃይሉ በሚመለስበት ቅጽበት የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ብዙ ቻርጀር ያበላሻል። አምራቹ ይቻላል ካላለ በቀር ፓወር ባንኩ ራሱ እየተሞላ ስልክ አያስሞሉበት፤ ሁለቱ ሥራ ተደርቦ ሙቀቱን ይጨምራል። ሆዱ ያበጠ፣ ሽፋኑ የተላቀቀ ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ያመጣ ፓወር ባንክ አይሞላም፣ አይወጋም፣ አይከፈትም፤ ከቤት ወጥቶ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ፤ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይጣል። ለረዥም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት።

ስለዚህ የምመክርዎ ቁርጥ ያለ ነው። ባለ 10,000፣ 18 ወይም 20 ዋት የሚቀበልና የሚሰጥ ፓወር ባንክ ለቦርሳዎ ይግዙ፤ ከእሱ ጋር 20 ዋት ፓወር ዴሊቨሪ የሚሰጥ ቻርጀር ይግዙ። ገንዘቡ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ካልበቃ ቻርጀሩን ያስቀድሙ፤ የድሮው ፓወር ባንክዎ 10 ዋት ብቻ የሚቀበል ቢሆን እንኳ፣ አሁን የሚሰኩት በ5 ዋት ከሆነ የሚሞላበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳልና። ባለ 20,000ው ከቤት አይውጣ፤ ባለ 3 ዋት የዩኤስቢ አምፖል ቢሰኩበት እንደ ሞላ 20 ሰዓት ያህል ያበራል፤ ይህም ለአንድ ቤት ከሁለት ምሽት በላይ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ የአካባቢው የኔትወርክ ምሰሶም ሊዳከም ስለሚችል፣ ስልክዎ ሲግናል ፍለጋ ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሳል፤ ጥሪ የማይጠብቁ ከሆነ የበረራ ሞድ ላይ አድርገው ቢተኙ ጠዋት ልዩነቱን ያዩታል።

ዋይፋዩ የተለየ ጉዳይ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ተራ ፓወር ባንክ በቀጥታ አያሠራውም። ከ5 ወደ 12 ቮልት ከፍ የሚያደርግ ገመድ ይሸጣል፤ ራውተሩ ወደ 8 ዋት የሚስብ ከሆነ ባለ 20,000ው ሰባት ሰዓት ያህል ሊይዘው ይችላል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር በእጅ መሰካት ይኖርብዎታል፤ ብዙ ፓወር ባንኮችም ከሶኬት ሲነቀሉና ሲሰኩ ለቅጽበት ስለሚያቋርጡ ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። በየዕለቱ ከቤት የሚሠራ ወይም የሚያጠና ሰው ካለ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖረውን ለራውተር የተሠራ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በራሱ ባትሪ የሚተካ ትንሽ መሣሪያ) መግዛት ይሻላል። ፋይበር ከሆነና ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ፣ ሁለቱም ኃይል ካላገኙ ኢንተርኔቱ አይመጣም። ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩን ገልብጠው ቮልቱን ያንብቡ፤ 9 ቮልት የሚል ራውተር ላይ የ12 ቮልቱን መሰኪያ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል፤ የመሰኪያው ቀዳዳ ልክ ስለሆነ ብቻ ቮልቱም ልክ ነው ብለው አይገምቱ።